አቃቂ፦ ወዲህ ማዶ፣ ወዲያ ማዶ

አቃቂ ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዙን የሚያይ ሰው የለም። ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ይፈጥናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ታክሲ አጥቼ በእግሬ ስሻገር ቆም አልኩ። ውሃው ጠቁሯል፤ ዳር ዳሩ አረፋ ይዟል። ቁጥቋጦው ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ዝቅ ብሎ አንድ ገበሬ ያንኑ ውሃ በፓምፕ እየሳበ ቆስጣ ያጠጣል። ቆስጣው ነገ የእኛው ገበያ ላይ ነው።

የሃንጋሪዋ ዋና ከተማ ቡዳፔስት ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። እሷንም ዳንዩብ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ ወዲህ ኮረብታማዋ ቡዳ፣ ወዲያ ሜዳማዋ ፔስት። ከጎረቤታቸው ከኦቡዳ ጋር አንድ ከተማ የሆኑት በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። የሰንሰለት ድልድዩ ግን በ1849 ተመርቆ ነበር። ከተማው አንድ ሳይሆን ድልድዩ ቀድሞ አገናኛቸው! በ1945 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ አፈረሰው። ሰዎቹ መልሰው ሠሩትና ልክ መቶ ዓመት በሞላው ዕለት ከፈቱት። ዛሬ ቤተ መንግሥቱና ፓርላማው ወንዙን መሃል አድርገው ይተያያሉ። ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው የወንዙን ዳርቻም አብሮ መዝግቧል።

«እኛ ጋ ምን ቅርስ አለና?» የሚሉኝ አሉ። አለ እንጂ! ባቡሩ አቃቂ የደረሰው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ ከመግባቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ። ወንዙን ተከትላችሁ ብትወርዱ ደግሞ አባ ሳሙኤልን ታገኛላችሁ፤ ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱን። መብራት የሰጠን ይኸው ዛሬ የምንሸሸው ውሃ ነው። የሰፈራችን አዛውንቶች ልጅ ሆነው እዚህ ዋኝተዋል። ሲያወሩት ዓይናቸው ይበራል።

መሃል ከተማ የወንዝ ዳርቻ ልማት ተጀምሯል። እሰየው! ግን ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ላይ የተጣለው ሁሉ እኛ ጋ ያርፋል። ስለዚህ ሥራው ለፎቶ ከሚመቸው ቦታ አልፎ እዚህ ይድረስ። ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ እንዳይለቁ የምር ቁጥጥር ይደረግ። የድሮው ባቡር ቅሪትም ግሬደር ከመምጣቱ በፊት ይመዝገብ፤ ከፈረሰ በኋላ ኮሚቴ ማቋቋም ምን ይረባል?

ልሄድ ስል ገበሬው ፓምፑን አጠፋ። ከጥላው ሥር ቢጫ ጀሪካን አነሳና እጁን ታጠበ። ከቤቱ ባመጣው ውሃ።