ማስጠንቀቂያው ስልክ ላይ ሲደርስ ውሃው ቤት ገብቶ ነበር

ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ የስፔን የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ለቫሌንሲያ አካባቢ የከባድ ዝናብ ቀይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። የቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲም ትንበያውን አይቶ አስቀድሞ ትምህርት ሰርዟል። የክልሉ መንግሥት ግን የአደጋ መልእክቱን ለነዋሪው ስልክ የላከው ማታ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ስንቱ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ስንቱም አልነበረም።

ቺቫ በምትባለው ከተማ በስምንት ሰዓት ውስጥ 491 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዷል፤ የዓመቱ ዝናብ በአንድ ቀን እንደ ማለት ነው። ታች ባለችው የፓይፖርታ ከተማ ግን ያን ቀን እዚህ ግባ የሚባል ዝናብ አልጣለም። ሰማዩ ዝም ሲል ሰዉም ሥራውን ቀጠለ። ደርቆ የከረመው ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ፣ መኪናቸውን ለማትረፍ ወደ ምድር ቤት ጋራዥ የወረዱ ሰዎች እዚያው ቀሩ። በስፔን ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ከቀናት በኋላ ንጉሡና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓይፖርታን ሊጎበኙ ሲሄዱ ሕዝቡ ጭቃ ወረወረባቸው። እኔ አልፈረድኩበትም።

ከስፔን የጀመርኩት ድሃ አገር ስላልሆነች ነው። ራዳሩም ባለሙያውም በጀቱም አላት። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ የሚያውቀው መሥሪያ ቤት የተናገረውን ተቀብሎ፣ «በኔ ይሁንባችሁ፣ ውጡ» ብሎ በጊዜ የሚያዝ ሹም።

የፈረንጆቹ 2024 ሙቀት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነው። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው የምድር አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በልጧል። አገሮች ፓሪስ ላይ እንዳይታለፍ ለመጣር የተስማሙበት 1.5 ዲግሪ በአንድ ሙሉ ዓመት አማካይ ሲታለፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። (ስምምነቱ የሚለካው በብዙ ዓመታት አማካይ ስለሆነ በይፋ ፈርሷል አይባልም። ቤቱ በጎርፍ ለተወሰደበት ሰው ይህ ክርክር ምኑም አይደለም።) አየሩ አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል፤ የተሸከመውንም አንዳንዴ ባንድ ቦታ ይዘረግፈዋል። ይህ ሳይንሱ ነው፤ አልከራከርበትም። የዓመቱን የሞት መዝገብ ሳየው ግን ሙቀቱ ብቻ አይታየኝም። አደጋውን በሚያውቀውና በአደጋው በሚሞተው ሰው መካከል ያለው ርቀት ነው ጎልቶ የሚታየኝ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን የዘነጋ ያለ አይመስለኝም። ከባድ ዝናብ የጠገበው ዳገት ተናደና ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ዋጠ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ደረሰ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ይቆፍር ጀመር። የቀበሌው አስተዳዳሪ መጡ፤ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችም መጡ። ዳገቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲናድ እነዚህ ሁሉ ከሥሩ ነበሩ። የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በለጠ፤ አብዛኞቹም ሌላውን ሊያወጡ የሄዱ ናቸው።

የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ተገቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየመድረኩ የሰማነው «የተፈጥሮ አደጋ» የሚል ቃል ነው፤ ነገሩንም እዚያው ዘጋነው። እኔ አልዘጋሁትም። እኛ ጩኸት ሲሰማ ቤቱ የሚቀር ሕዝብ አይደለንም፤ ይህን ወግ ማንም አዋጅ አያስቆመውም፣ ሊያስቆመውም አይገባም። ስለዚህ ማስተማር የሚገባው እንዴት እንደሚረዳ ነው። መሬት በተናደበት ዳገት ግርጌ ሕዝብ አይሰበሰብም፤ የሚቆፍሩት ጥቂት ይሆናሉ፤ አንድ ሁለት ሰው ደግሞ ፈንጠር ብሎ ላይ ላዩን እያየ ይቆማል፣ አፈሩ ሲነቃነቅ ይጮሃል። ይህን ለማድረግ ሳተላይት አያስፈልግም፤ ፊሽካ ይበቃል። ናዳ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦ ዳገቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል፣ ዛፍ ያጋድላል፣ ምንጭ ያለ ጊዜው ይደፈርሳል። ገበሬው እነዚህን ከማንም ቀድሞ ያያል። አይቶ ለማን ይንገር? የሰማውስ ምን የማድረግ ሥልጣን አለው?

ከጎፋው ናዳ ሁለት ሳምንት በኋላ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ ዳገት ተናዶ ከ10 በላይ ሰው ሞተ።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየወቅቱን አዝማሚያ አስቀድሞ ይነግረናል፤ ሥራውን አላጣጥልም። ነገር ግን «በደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ተብሎ በቴሌቪዥን ቢነበብ፣ ዳገት ላይ የሚኖር አባወራ ዛሬ ማታ ልጆቹን የት ያሳድራቸው? ትንበያው እዚያ ድረስ ካልወረደ ለእሱ ዜና ነው እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

በዚያው ዓመት ሰኔ መካ ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ መልኩ ነው። በሐጅ ሰሞን ሙቀቱ እስከ 51.8 ዲግሪ ደረሰ። የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን ሲገልጽ፣ 83 በመቶዎቹ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው፣ ያለ ጥላ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሄዱ መሆናቸውን ተናገረ። ፀሐይዋ ሁሉንም እኩል መታች፤ ማቀዝቀዣ ያለው ድንኳንና አውቶቡስ ግን ስሙ መዝገብ ላይ ለሰፈረው ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ወረቀት የሚሠራ ዘመድ ያለን ሰዎች ይህ ነገር አይጠፋንም፤ ፖሊስ የሚፈራ ሰው አምቡላንስም አይጠራም።

ሌላውን ላሳጥረው። በሚያዝያ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች መለካት ከተጀመረበት ከፈረንጆቹ 1949 ወዲህ አይታው የማታውቀውን ዝናብ አይታ የዱባይ አየር ማረፊያ ሐይቅ መሰለ። በግንቦት የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ተጥለቀለቀች፤ አየር ማረፊያዋም ለወራት ተዘጋ። ዛምቢያ፣ ማላዊና ዚምባብዌ ድርቁን ብሔራዊ አደጋ አሉት፤ መብራት የሚመነጭበት የካሪባ ሐይቅ ጎድሎ ዛምቢያ በመብራት መጥፋት ተሰቃየች።

አሁን ወደ ባንግላዴሽ ልሂድ፤ ክርክሬ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ገና ምሥራቅ ፓኪስታን እየተባለች በፈረንጆቹ 1970 በአንድ አውሎ ነፋስ ብቻ 300 ሺህ ወይም ከዚያ በላይ ሰው አልቆባታል። ከዚያ ወዲህ ያቋቋመችው የበጎ ፈቃደኞች መረብ ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ሰው አለው፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። አደጋው ሲቃረብ መንደሩ ውስጥ አንድ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ሲብስ ሁለት፤ ሦስት ሲሆን በቃ፣ ውጡ ማለት ነው። ማንበብ የማይችለውም ይቆጥረዋል። ሜጋፎን የያዙ ጎረቤቶች በየቤቱ እየዞሩ አዛውንቱን ይደግፋሉ፣ እርጉዟን ያወጣሉ። መጠለያዎቹ ከአዘቦት ቀን ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በዚያው 2024 ግንቦት ላይ ረማል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ 800 ሺህ ያህል ሰው ወደ መጠለያ ገባ። የሞተ ሰው አልጠፋም፤ ግን በአሥሮች እንጂ በሺዎች አልተቆጠረም። ባንግላዴሽ ከስፔን አትከብርም።

«አፍሪካ ያልበከለችውን ለምን ትከፍላለች?» የሚለውን ጥያቄ እጋራለሁ። በዚያው 2024 ኅዳር በአዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ የተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ፣ አዘጋጁ ፕሬዚዳንት ነዳጅና ጋዝ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ባሉበት አዳራሽ፣ ታዳጊ አገሮች በዓመት 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ሲጠይቁ እስከ ፈረንጆቹ 2035 በዓመት ወደ 300 ቢሊዮን ለማድረስ ቃል ገብቶ ተበተነ። ስስት ነው። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት መላውን የዓለም ሕዝብ እስከ ፈረንጆቹ 2027 በቅድመ ማስጠንቀቂያ ለመሸፈን ያስፈልጋል ያለው ገንዘብ ለአምስት ዓመት 3.1 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ለዓለም ሕዝብ ቢካፈል ለአንድ ሰው በዓመት አሥር የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ካሳችንን እንጠይቅ፤ ሜጋፎን ለመግዛት ግን ባኩን አንጠብቅ። ችግኙንም እንትከል፤ ዘንድሮ የተተከለ ችግኝ ዘንድሮ ዳገት አይዝም እንጂ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ገበሬውን ውረድ ስትለው ወዴት ይውረድ? መሬቱ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከብቱም እዚያ ነው። ለዘለቄታው ማስፈር ዓመታት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም ተበላሽቶ አይተነዋል። እኔ የምለው ስለ አንድ ሌሊት ነው፣ ወይም ስለ ሦስት ሌሊት። ናዳ የሚያሰጋቸው ወረዳዎች ክረምት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ቀበሌ ስንት ቤት ዳገት ላይ እንዳለ ይመዝግቡ፤ ስንት ሰዓት ያለማቋረጥ ሲዘንብ ሰው መውጣት እንዳለበት ከባለሙያ ጋር ይወስኑ፤ ውጡ የሚለውን ትእዛዝ የዞን ደብዳቤ ሳይጠብቅ የሚሰጠውን ሰው በስም ይወቁ። ዝናቡ ሳይጥል ቀርቶ ሰዉ በከንቱ ቢወጣ ያዘዘው ሰው እንደማይጠየቅበት በጽሑፍ ይስፈር፤ ሹም ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ፈርቶ ነውና። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ከሆነም ቁልፉ ማታ ማታ ማን ዘንድ እንደሚያድር ከወዲሁ ይታወቅ።