እንቁላል ያለኝን ሰው እጣላዋለሁ

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ቤት ገባሁ። «ዳቦም እንጀራም የሌለበት ምን አላችሁ?» አልኩት አስተናጋጁን። አሰበ። ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ፊቱ በራ። «እንቁላል!»

በቃ። ሞልቶ ፈሰሰ።

ስኳርህ ከፍ ብሏል ተብዬ ዱቄት ነክ ነገር ከቀነስኩ ሦስት ወሬ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እንቁላል! ሰኞ ጥብስ። ማክሰኞ ቅቅል። ሐሙስ ከቃሪያና ከቲማቲም ጋር፣ ለለውጥ ያህል። ትንሽ ከቆየሁ ማስካካት ሳልጀምር አልቀርም። አንዱ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ካርቦሃይድሬቱ 1 ግራም አይሞላም። አውቃለሁ። መቶ ጊዜ ነግራችሁኛል።

ረቡዕና ዓርብስ? ጾም ነው፣ እሱም የለም። ያኔ ምክሩ ምንድን ነው? «ሻይ በዳቦ!»

ሜኑውን ገለጥኩት። ጨጨብሳ፣ ዱቄት። ገንፎ፣ ዱቄት። ቂንጬ፣ ስንዴ። ፍርፍር፣ እንጀራ በእንጀራ። ፉሉ እንኳ ያለ ዳቦ ከኩሽና አይወጣም።

ይህ ሁሉ ጎመን ባለበት አገር? ጎመንና አይብ የክትፎ አጃቢ ብቻ ናቸው ያለው ማነው? እሁድ ቤቴ ሞክሬዋለሁ። ጎመኑን በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ ቅቤ አገላበጥኩ። አይቡን ከላይ ፈረፈርኩ። ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። አሥር ደቂቃ! ለጾም ደግሞ አቮካዶ በሎሚና በቃሪያ አለ። ምኑ ነው የሚከብደው?

«እሺ፣ ጎመን በአይብስ?» አልኩት።

«እሱ ለምሳ ነው» አለኝ።

ከዚያ እንቁላሉን አመጣው። ሳላዝ። ከጎኑ ሁለት ዳቦ።