እርማት፦ 1952 ለኦኪናዋ ነፃነት አላመጣም

«ጃፓን በ1952 ሙሉ በሙሉ ከአሜሪካ አስተዳደር ተላቀቀች» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ይህ ለቶኪዮ እንጂ በደቡባዊ ጃፓን ላለችው ደሴት ለኦኪናዋ አይሠራም። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረመችው የሳን ፍራንሲስኮ የሰላም ስምምነት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1952 ሲጸና ሦስተኛው አንቀጹ ኦኪናዋን በአሜሪካ እጅ አስቀርቷታል። ነዋሪዋ ወደ ዋናው ጃፓን ለመሻገር የጉዞ ሰነድ ያስፈልገው ነበር፤ ከ1958 ጀምሮም የሚገበያየው በዶላር ነበር (ይህ ነፃነት ከተባለ እንግዲህ!)። ወደ ጃፓን የተመለሰችው ሜይ 15 ቀን 1972 ነው። መኪኖቿ እንደ ተቀረው የአገሪቱ ክፍል የመንገዱን ግራ የያዙት ደግሞ በ1978። በ2013 የጃፓን መንግሥት ኤፕሪል 28ን «ሉዓላዊነታችን የተመለሰበት ዕለት» ብሎ በቶኪዮ ሲያከብር፣ ኦኪናዋ ውስጥ ሕዝቡ ለተቃውሞ ተሰብስቧል፤ ብዙዎች እዚያ ዕለቱን የሚጠሩት «የውርደት ቀን» ብለው ነው።