ቴክ 9፦ አንድ ጉርሻ ያጣላል

ፊልም ልማር ብዬ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ካሜራ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር፣ የሰጡኝ ግን ሰባት ሰው ነው። "አጭር ፊልም፣ 8 ደቂቃ፣ በግሩፕ፣ ማርኩ ለሁላችሁም እኩል ነው" አለን መምህራችን። ካሜራው አንድ ብቻ ነው ብለን ስናጉረመርም ሁሌ የሚያመጣትን የፊልም ዳይሬክተሩን የኃይሌ ገሪማን ምሳሌ አመጣ፣ ሰውዬው በ1966ቱ አብዮት ሰሞን ገጠር ወርዶ በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊሜትር ፊልም ቀርጾ ዓለም አጨብጭቦለታል፣ እናንተ ምን ጎደላችሁ? ምን ጎደለን፣ ኃይሌ ገሪማ ነዋ የጎደለን።

ከዛ ስራ እንከፋፈል ተባለ። ማን ምን ይሁን ሲባል ስድስቱ ዳይሬክተር ነን አሉ። ሰባተኛዋ ስክሪፕቱን የጻፈችው ልጅ ናት፣ እሷ ማንም ይሁን ብቻ ነጠላ ሰረዜን እንዳይነካ ነው ያለችው። ስምንተኛው እኔ ነኝ፣ ታክሲ ሰልፍ አስረፍዶኝ ስደርስ ቡም ያዥነት ጠበቀኝ። ቡም ለማታውቁት ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ማይክ ነው፣ ከተዋናዮቹ አናት በላይ ዘርግታችሁ ፍሬም እንዳይገባ ክንዳችሁ እስኪዝል ትቆማላችሁ፣ ባጭሩ የጥምቀት ጃንጥላ ያዥነት ነው፣ ልዩነቱ እሱ በረከት ያገኛል እኔ "ቡሙ ገባ!" ተብዬ እሰደባለሁ። ዳይሬክተሩ በመጨረሻ በዕጣ ነው የወጣው፣ ልክ እንደ እቁብ፣ እንደውም አንዱ ዕጣው ለወጣለት ልጅ በ500 ብር ሽጥልኝ ብሎት ነበር። የቀሩት አምስቱ ካሜራ፣ መብራት፣ ኤዲቲንግ ምናምን ይዘው በየቦታቸው በሆዳቸው ዳይሬክተር ሆነው ቀሩ።

የሹቲንጉን ፕሮግራም ያወጣው ልጅ ፎርሙን ከኢንተርኔት ነው ያወረደው፣ እና "እሮብ 6:00" ብሎ ላከልን። ግማሻችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በውርጩ ጎፋ ተገኘን፣ ግማሹ ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ላይ ምሳውን በልቶ ፏ ብሎ መጣ። ሁለቱም ወገን እስከዛሬ ትክክል ነኝ ባይ ነው።

ሎኬሽናችን የአንዷ ልጅ አክስት ቤት ነው፣ እቴቴ ነው የምንላቸው። ታሪኩ ስራ የፈታ ባልና የተቀየመች ሚስት ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ በጉርሻ ይታረቃሉ። ስክሪፕቱ ላይ "ባዶ ቤት፣ የተቀደደ መጋረጃ" ይላል። እቴቴ ግን ቤታቸው በቴሌቪዥን ሊታይ መሆኑን ሲሰሙ (ቴሌቪዥን ማንም አላላቸውም) መርካቶ ወርደው ወርቃማ ዘርፍ ያለው አዲስ መጋረጃ ገዝተው ሰቅለዋል፣ ቡፌ ውስጥ ያለ ብርጭቆ ሁሉ ወጥቷል፣ የልጃቸው የምርቃት ፎቶ እንደ ታቦት መሀል ግድግዳ ላይ ቆሟል። ዳይሬክተሩ ፈራ ተባ እያለ "እቴቴ ቤቱ የድሃ ቤት መምሰል ነበረበት" አላቸው።

"ምን? እኔን ችጋራም ብለህ ለሀገር ልታሳይ ነው? እናትህ ናት እንዲህ ያለችህ?"

ለነጠላ ሰረዝ ልትሞት የነበረችው ደራሲ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስክሪፕቱን ቀይራ ባልየውን ከዱባይ አስመጣችው።

ቀጥሎ ለጉርሻው የታሰበው ዶሮ ወጥ። እሮብ መሆኑን ከስምንታችን አንድም ሰው አላሰበም፣ ተዋናዩ ጿሚ ነው፣ ለጥበብ ብዬ ጾሜን አልገድፍም አለ፣ እቴቴም ደገፉት። ስለዚህ ምስር ወጥ ዶሮ ሆነ፣ የተላጠ ድንች ደግሞ እንቁላል ሆነ። ከተዋናዮቹ ሁሉ ድንቹ ይሻል ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

አንድ ጉርሻ ፊልም ላይ አንድ ጉርሻ አይደለም። ከሩቅ ትቀረጻለች፣ ከመካከለኛ ትቀረጻለች፣ እጇ ብቻ ክሎዝ አፕ፣ ከዛ አፉ፣ በዛ ላይ ሚኒባስ "ሳሪስ ሳሪስ" ብሎ ያበላሻታል፣ ቆራሌው ያበላሻታል። ከሁሉም በላይ ግን እቴቴ። ከካሜራው ጀርባ ሙክክ ብለው ተቀምጠው ሚስትየዋ አጉርሳ እጇን ልትሰበስብ ስትል "አንቺ! አንድ ጉርሻ ያጣላል! ድገሚለት!" ይላሉ። ከት። እቴቴ ዝም ይበሉልን እባክዎ። "እሺ ልጆቼ።" አክሽን። "ኧረ ድገሚው!" ቴክ 9 ላይ፣ ማለትም ያው ትዕይንት ለዘጠነኛ ጊዜ ሲቀረጽ፣ ምስኪኑ ባል 18 ጉርሻ በልቶ በፊልሙ ሳይሆን በእውነት ያለቅስ ጀመር፣ ዳይሬክተሩ ኢሞሽን መሰለው፣ "በጣም አሪፍ፣ እንደዛው ቀጥል" አለው።

በመጨረሻ የክፍሉን ድምፅ መቅዳት ነበረብኝ። ሰው ሳይናገር የቤቱ ባዶ ድምፅ 30 ሰከንድ ይቀዳል፣ ኤዲቲንግ ላይ ንግግር ሲቆረጥ ክፍተቱ እንዳይታወቅ ይሞላበታል። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ቀጥ ብለን ቆምን። አስረኛው ሰከንድ ላይ እቴቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱና በሹክሹክታ "ማነው የሞተው?" አሉኝ። የህሊና ጸሎት መስሏቸው ነው። ከዛ በኋላ ቡና ተፈላ፣ አቦል ቶና በረካ፣ ሳይጠጣ መውጣት የለም፣ ጸሀይዋም ጠለቀች፣ የውጪው ትዕይንትም በዛው ቀረ።

ድሮ የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ህዝቡ ሰይጣን ቤት ያለው ግድግዳ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ አይቶ ነው ይባላል፣ እኔ ግን ከኤዲቲንግ ክፍል በር ላይ ሆኖ ሰምቶን ነው የሚመስለኝ። ካሜራ ሁሌ ከሁለቱ ተዋናዮች መስመር በአንድ በኩል መቆም እንዳለበት ሁለት ሴሚስተር ተምረናል፣ ካሜራ ማናችን ግን ሞሰቡን እንደ ታቦት ሶስት ጊዜ ዞሮታል፣ እና ቀረጻው ሲገጣጠም ባልና ሚስት መተያየታቸው ቀርቶ ሁለቱም ወደ ቡፌው ነው የሚያዩት። ግማሽ የተበላው ድንች ተመልሶ ሙሉ ይሆናል። ድምፁ ንጹህ የሆነው ቴክ ደግሞ 9ኛው ብቻ፣ እሱም የእቴቴ "ድገሚለት" ያለበት። አማራጭ ስላልነበረን ተውነው።

ክፍል ውስጥ ሲታይ ለሰባት ደቂቃ ማንም ትንፍሽ አላለም፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" ስትመጣ ግን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችን መብራት አብርቶ "ይቺን ከውጪ የምትገባ ድምፅ ማን ነው ያሰባት?" ሲል ስድስት እጅ ወጣ። ደራሲዋም ትንሽ ቆይታ አወጣች። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ቡሙን ወደሳቸው ያዞርኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ፊልሙን በፍላሽ ጭነን ለእቴቴ ወሰድንላቸው። ጎረቤት ጠርተው፣ ፈንዲሻ አስፈንድተው ጠበቁን። ካሜራ ማናችን ሲኒማ እንዲመስል ብሎ ከሰዎቹ ፊት በስተቀር ኋላ ያለውን ሁሉ አደብዝዞታል። እቴቴ እስከመጨረሻው ዝም ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"መጋረጃዬስ?"