ኮከብ ሲጨመር የበታች ድምፅ ለምን ይቀራል?

በአሜሪካ ምድር ጦር የአንድ ሌተናል ኮሎኔል ዕድል ያለው በዓመታዊ የምዘና ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱን የቅርብ አለቃውና የአለቃው አለቃ ይሞሉታል። የሚያነሳውም የሚጥለውም ሁለተኛው ነው፤ የዕድገት ቦርዱ ፋይሉን ሲከፍት ዓይኑ እሱ ምልክት ወዳደረገበት ሳጥን ይሮጣል።

ሳጥኖቹ አራት ናቸው። የላይኛው የሚሰጠው በአንድ ማዕረግ ከተመዘኑት ከግማሽ ላነሱት ብቻ ነው፤ አሥር ወረቀት የሞላ አለቃ ከአራት ማለፍ አይችልም። ካለፈ ወረቀቱ በሁለተኛው ሳጥን ይመዘገባል፣ ከኮታው ግን እንደ አንደኛ ይቀነስበታል። ገደቡ የግድ ነበር፤ ያለ እሱ ሁሉም አንደኛ ይሆናል። ግን አለቆች ኮታቸውን መቆጠብ ለመዱ። የላይኛው ሳጥን ዘንድሮ ቦርድ ፊት ለሚቀርበው ይቀመጣል፣ አዲስ መጪው ምንም ጎበዝ ቢሆን "ጊዜ አለው" ይባላል።

ስለዚህ ቦርዱ ቃላቱንም እንደ ሰምና ወርቅ ይፈታል። "ከምመዝናቸው 8 ሌተናል ኮሎኔሎች 1ኛ" ማለት አሳድጉት ነው። "ታታሪና ታማኝ መኮንን" ተብሎ ቁጥር ከሌለው ሙገሳው ስንብት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ የቦርድ አባል ከሌላው ሳይመካከር ከ1 እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል።

በዚህ ሁሉ ትዕዛዝ ተቀባዩ አልተጠየቀም። ለበላዩ ለስላሳ፣ ለበታቹ እሬት የሆነ መኮንን በዚህ ወንፊት ያልፋል።

ጦሩ ይህን ያወቀው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ለሻለቃ ጦር አዛዥነት የታጩትን ፎርት ኖክስ ወደተባለው የጦር ሰፈር ጠርቶ ለቀናት መፈተን ጀመረ፦ የአካል ብቃት፣ የጽሑፍ ፈተና፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቃለ መጠይቅ፣ ጠያቂዎቹና ዕጩው በመጋረጃ ተለይተው የሚነጋገሩበት ቃለ ምልልስ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አብረውት የሠሩ እኩዮቹና የበታቾቹ የሚሞሉት መጠይቅ ነበር። እኛ ግምገማ ስንል የምናስበው የአዳራሽ ስብሰባ አይደለም፤ ማንም ማንንም ፊት ለፊት አይከስም። ጥብቅ አዛዥን የሚበቀሉበት አይጠፉም፤ ስለዚህ መፈለግ ያለበት ከብዙዎች የሚደጋገመው ቅሬታ እንጂ የአንዱ ምሬት አይደለም።

ለኮሎኔሎችም ተመሳሳይ ፈተና ተዘጋጀ። ከዚያ በላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከብርጋዴር ጀነራል በኋላ መደበኛው የምዘና ወረቀት ራሱ ይቀራል፤ የባለ ሦስትና ባለ አራት ኮከብ ጀነራሎች ሹመት ደግሞ ያለ ዕድገት ቦርድ፣ በፕሬዚዳንቱ ዕጩነትና በሴኔቱ ይሁንታ ያልፋል። አምስት መቶ ወታደር የሚመራ በበታቾቹ ተመዝኖ፣ መቶ ሺህ የሚመራው የሚታለፍበት ምክንያት አይታየኝም። መጠይቁ ያው ነው፤ የጀነራሉ ስም ወደ ሴኔቱ ከመላኩ በፊት፣ ባለፉት ሁለት የሥራ ምድቦቹ በሥሩ ለነበሩ መኮንኖች ይላክ።