ሐዋሳ ላይ ሳይክል ዳገት አያስቸግረውም፣ ማቆሚያ ግን የለውም

«ለአጭር መንገድ መኪናችሁን ትታችሁ በሳይክል ሂዱ» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። እስማማለሁ። ግን አዲስ አበባን እያሰቡ የጻፉት ይመስላል። ዳገት ዳገት ይላል። እኛ ሐዋሳ ከታቦር ተራራ በቀር ከተማው ሜዳ ነው። ከፒያሳ ሐይቁ ዳር ድረስ ብዙም ሳያልብህ ትደርሳለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ሞተር ደግሞ ነዳጅ በጣም የሚበላው ሳይሞቅ ነው። አጭር መንገድ ማለት ሞተሩ ሊሞቅ ሲል የሚያልቅ መንገድ ነው። ዳቦ ለመግዛት መኪና የሚያስነሳ ሰው ይስማ!

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ነገሩ አልቆለታል የሚሉም አሉ። መንገዱን የሞላው እኮ ያው አሮጌው ነው።

የኛ ችግር ሌላ ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ባየ ቁጥር ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ዳር ይታጠፋል፤ ዳር ላይ ያለው ደግሞ ሳይክለኛው ነው። ከዚያ ተርፈህ ለጉዳይ አንድ ቢሮ ትሄዳለህ። ጥበቃው «ሳይክል አይገባም» ይልሃል። ከኋላው ለመኪና የተሠራ የቆርቆሮ ጥላ ይታያል። ውጭ ዛፍ ላይ በሰንሰለት አስረህ ትገባለህ፣ ወረፋ ላይ ሆነህ በመስኮት እሱን ስታይ ስምህ ተጠርቶ ያልፍሃል። በየበሩ ሳይክል የሚታሰርበት ብረት መትከል ይህን ያህል ከባድ ነው?