ጤናማ አመጋገብ እንጀራን መተው አይደለም

እህቴ፣ ከኮዬ ፈጬ የጻፍሽውን አነበብኩ። «ጤናማ አመጋገብ ስጀምር እንጀራና ሽሮ ተውኩ፤ በየቀኑ አጃና የተቀቀለ ዶሮ ብቻ ስለሆነ አንገሸገሸኝ» ብለሻል። ቢያንገሸግሽሽ አይፈረድብሽም። እንጀራ መተው አለበት የሚለው ግን ስህተት ነው፤ ብዙ ሰውም ተሳስቶበታል።

100 ግራም የጤፍ ዱቄት 13 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 8 ግራም ገደማ ፋይበር አለው። ብረትም አለው፤ ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ሰውነት ብረቱን ይበልጥ ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳን ጤፉ ሳይሆን ወጡ ላይ የሚንቆረቆረው ዘይትና ጨው፣ የምንበላውም መጠን ነው።

ለመቀያየር ሱፐርማርኬት መሄድ አያስፈልግሽም። የጾም ምግባችንን እስኪ አስቢው! ዛሬ ድፍን ምስር፣ ነገ ዱባ ወጥ፣ ከነገ ወዲያ የሽምብራ ንፍሮ። አጃው ከሰለቸሽ ቂንጬ አለልሽ። ሰፈርሽ ጉሊት ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር አይጠፋም። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ ቫይታሚን ሲው ሰውነትሽ ብረቱን እንዲወስድ ያግዘዋል። እኔ ቃሪያም እጨምርበታለሁ፣ በጣም ነው የሚጥመው።

ዶሮውን ከወደድሽው አትተዪው፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ ብዪው። ሽሮውን ግን ዛሬውኑ መልሺው፤ ዘይቱን ብቻ ቀነስ አድርጊ።